ማክሰኞ ማታ ጅማን ያበራው እሳት፦ ያየ ሰው የት ቆሞ ወዴት እንዳየ ይጻፍ

የቂጦው ባጃጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20)

ሰላም ጅማዎች። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት ወይስ?

1 ሰዓት ከ50 አልፎ ነው። ከመርካቶ አንድ ሰውዬ ጭኜ ወደ ቂጦ እየሄድኩ ነበር። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበታል፤ መንገዱ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ድንገት አስፋልቱ ቀን መሰለ። ከኋላዬ የመጣ ሲኖትራክ ረጅም መብራት የለቀቀብኝ መስሎኝ ዳር ያዝኩ። መኪና የለም። አንገቴን አውጥቼ ቀና ስል የሚነድ ነገር ሰማዩን ሰንጥቆ ወደ አየር ማረፊያው በኩል ይሄዳል። ፊቱ አረንጓዴ የቀላቀለ ነጭ ነው። ጭራው ብርቱካናማ። መጨረሻ ላይ ቦግ አለና ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ ጠፋ። ድምፅ የሚባል የለም።

ተሳፋሪዬ "ያ ረቢ!" እያለ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ከፈለኝ። (ሁለተኛውን መልሻለሁ፤ ስም እንዳታጠፉ።)

ከአየር ማረፊያው ጀርባ ነው የወደቀው። አውሮፕላን እንዳይሆን ብዬ ደንግጫለሁ። የሰማ አለ?

ጅሬን ማዶ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31)

አለን! ቤታችን ጅሬን ነው፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከተማው በሙሉ ከደጃፋችን ይታያል። ቡና ላይ ነበርን፤ ሁለተኛው ተቀድቷል። ብርሃኑ መጀመሪያ ሲኒው ላይ ነው የታየኝ። ቀና ስንል ከደቡብ፣ ወደ ምሥራቁ ጠጋ ካለው በኩል፣ ከፍ ካለ ቦታ ተነስቶ ወደ ቀኝ እየወረደ ሄደ። መጥፊያው በአየር ማረፊያው አቅጣጫ ነው፤ በዚያ እስማማለሁ። አውሮፕላን ግን አይደለም። አውሮፕላን እንደዚያ አይሮጥም።

ተመዝግቦ ይቀመጥ ብዬ ነው እንጂ እርግጠኛ ያልሆንኩበት አንድ ነገር አለ። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ሩቅ የሆነ ጉርምርምታ ሰማን። አማቴ "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አስገቡ" አለች። ሰማዩ ግን ጥርት እንዳለ ነው።

ሁሉን ጠርጣሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44)

ኮከብ ምናምን ከማለታችን በፊት ረጋ እንበል። የሮኬት ወይም የሳተላይት ስብርባሪ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 ማኩዌኒ ውስጥ ሙኩኩ የምትባል መንደር ላይ ምን እንደወደቀ ረሳችሁ? 500 ኪሎ የሚመዝን የብረት ቀለበት ነው። ወርዱ 2 ሜትር ተኩል። የኬንያ ስፔስ ኤጀንሲ ራሱ ከሮኬት የወጣ ነው ብሏል። ሰማዩ ዛሬ ቆሻሻ ሞልቶታል። ተከፍሎ ጠፋ የተባለውም ለዚህ ነው። ቁርጥራጭ ብረት ነበር።

የሄርማታ እናት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡52)

እኔ ያላችሁት ሁሉ አይገባኝም፤ ልጆቼ ግን እስካሁን አልተኙም። እናቴ ደግሞ "ትልቅ ሰው ሊሞት ነው፤ ኮከብ ሲወድቅ ወይ ንጉሥ ወይ ሊቅ ይሄዳል" ብላ ጨመረችበት። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ከሰማይ የሚወርድ አቧራ ወይም መርዝ ነገር አለው? በርሜሉ ውኃ ክፍት ነው ያደረው።

መምህርት ፊዚክስ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05)

እህቴ፣ በርሜሉን ለትንኝ ስትዪ ክደኚው፤ ለዚህ ግን አትጨነቂ። ነገሩ የሚነደው ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጀምሮ ነው። የሚተርፍ ዱቄት ካለም እዚያው ላይ ተበትኖ ይቀራል። የጠፈር ብናኝ ደግሞ በየቀኑ ምድር ላይ ይወርዳል። ሁላችንም ጣሪያ ላይ አለ። ለእማማም ሰላምታ አቅርቢልኝ።

አሁን ለሁላችሁም። ይህን ክር ወሬ ብቻ አድርገን አንተወው። የጅማ ሰው ብቻ ሳይሆን አጋሮም፣ ቦንጋም፣ ሰኮሩም ያለ ሰው ካየ ትልቅ ነገር ልናውቅ እንችላለን። እባካችሁ "ቅርብ ነው"፣ "ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ" የሚለውን ተዉት። እንዲህ ያለ ነገር ከየትም ቢታይ ከኮረብታው ጀርባ የወደቀ ይመስላል። ሰማይ ላይ ዓይን የሚለካበት ዛፍ ወይም ቤት የለምና 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ጎረቤት ያስመስለዋል።

የምፈልገው ሌላ ነው። በትክክል የት ቆማችሁ ነበር? ሲጀምር በየት በኩል ታየ፣ ሲጠፋስ በየት በኩል? ነገ በብርሃን እዚያው ቦታ ሂዱና ስልካችሁ ላይ ባለው ኮምፓስ ለኩት። ከፍታውን ደግሞ በቡጢ ነው የምንለካው። ክንዳችሁን ዘርጉና ቡጢያችሁን ከአድማሱ በላይ አስቀምጡ። አንድ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ሲጠፋ ከአድማሱ ስንት ቡጢ ከፍ ብሎ ነበር? ስንት ሰከንድስ ቆየ?

ለጠርጣሪው ወንድማችን፦ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው። መፍረጃ አለው። ሳተላይት ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አገባቡም አግድም ነው። ቀስ እያለ፣ እየተቆራረጠ፣ ሰማዩን ለማቋረጥ አንዳንዴ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰው ስልኩን አውጥቶ ለመቅረጽ ጊዜ ያገኛል። የጠፈር ድንጋይ ግን ቢያንስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ይዞ ነው የሚገባው፤ እስከ 72 ይደርሳል። ስለዚህ የቆየበትን ጊዜ እና የሄደበትን ርቀት ካወቅን ይለይልናል።

ከመስጊድ ወጣሁ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40)

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ኮምፓስ አያስፈልገኝም። ሄርማታ መስጊድ ደጃፍ ላይ ነበርኩ፤ ለኢሻ ገና ሰው እየመጣ ነው። የኛ ቂብላ፣ ለሶላት የምንዞርበት አቅጣጫ፣ ከጅማ ወደ ሰሜን ነው፤ በጣም ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ቂብላን ፊት ለፊት ብይዝ ነገሩ በሙሉ ያለፈው ከኋላዬ ነው። የተነሳው ከጀርባዬ በቀኝ ትከሻዬ በኩል፣ የጠፋው በግራ ትከሻዬ በኩል። ሲጠፋ ሁለት ቡጢ ከግማሽ ያህል ከፍታ ላይ ነበር። ሲነሳ ግን ከፍ ያለ ነው፤ አምስት ቡጢ ብል አልዋሽም።

በቁርኣን የቅርቢቱ ሰማይ መብራቶች ሸይጧን መወርወሪያ መደረጋቸው እንደተነገረም ማስታወስ ደግ ነው። ሱብሃነላህ ብሎ ማየት ነው።

አወያይ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡48)

ከዚህ በታች ስለ እምነት የተጀመረውን ክርክር አንስቻለሁ። ሁሉም እንደየእምነቱ ይየው። እዚህ የምንሰበስበው አቅጣጫ፣ ከፍታና ሰዓት ነው። የቂብላው አለካክ ግን ግሩም ነው፤ ሌሎችም ተጠቀሙበት።

እሸት ቡና (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15)

ከአጋሮ ነኝ። ቡና ማጠቢያ ላይ ማታ ማታ እሸት እንረከባለን፤ ስለዚህ ውጭ ነበርን። ሚዛኑ ላይ የነበረው ልጅ ጆንያውን ጥሎ ሮጠ። ለኛም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሄደው። ጠዋት ተመልሼ ለካሁት። የተነሳው በደቡብ ምሥራቅ ነው፤ አራት ቡጢ ከፍታ። የጠፋው ግን ወደ ደቡብ ነው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ጠጋ ብሎ። ኮምፓሱ 210 አካባቢ ይላል። ከፍታው ሁለት ቡጢ ተኩል።

እዚህ ደግሞ ሰዉ ሁሉ "ከቡና ጫካው ማዶ ወደቀ" ብሎ ሌሊቱን ባትሪ ይዞ ሲዞር አደረ። መምህርት ያለችውን ቀደም ብዬ ባነበው ኖሮ እንቅልፍ ባተረፍኩላቸው።

የቂጦው ባጃጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡02)

እዚህ ጅማም ቦዬ ገባ እየተባለ ነው። ጉማሬዎቹ ሳይቀሩ ወጥተው ሸሹ ያለኝ ሰው አለ። ጠዋት በዚያ በኩል ሰው አድርሼ ነበር፤ ቦዬ እንደወትሮው ነው።

የኔን ለካሁ፦ ሲጠፋ 235 ዲግሪ፣ ሁለት ቡጢ ከምናምን።

ሚዛን ላይ ነኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30)

ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ደቡብና ምዕራብ ትላላችሁ። እኔ ሚዛን ተፈሪ ሆኜ ያየሁት በምሥራቅ ነው! ሰዓቱ ያው ነው። ደግሞ የኔ ብዙም አልሄደም። አንድ ቦታ ቆሞ እያበጠ፣ እየደመቀ የመጣ ነው የመሰለኝ። ወደ ግራ ትንሽ ሸርተት አለና ቦግ ብሎ ጠፋ። ወደኔ የሚመጣ መስሎኝ ግድግዳ ሥር ተጠጋሁ፣ እውነቴን ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ወይ?

መምህርት ፊዚክስ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡20)

ሚዛን ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ስጠብቅህ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ነው። ለጅማ በምዕራብ፣ ለሚዛን በምሥራቅ ከታየ፣ ያለው በመካከላችን ነው። ለአንተ ብዙ ያልተንቀሳቀሰው ወደ አንተ አቅጣጫ ስለሚመጣ ነው። እኛ ከጎን አየነው፤ አንተ ከፊት።

ሻይ ሰዓት ላይ ካርታ አውጥቼ ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ከጅማ ወደ 235 አንድ መስመር። ከአጋሮ ወደ 210 ሌላ። ከሚዛን ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ያለ ሦስተኛ። ሦስቱ የሚገናኙት ቦንጋ አካባቢ ነው። ከጅማ በቀጥታ መስመር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያ ርቀት ሁለት ቡጢ ከግማሽ ማለት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ነው። እዚያ ላይ ነው የጠፋው። "ከአየር ማረፊያው ጀርባ" ለማለት አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ ሦስት እጥፍ መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው።

መነሻው ደግሞ በዳውሮ ሰማይ ላይ ይወድቃል፤ ከፍታው 80 እና ከዚያ በላይ። ከዚያ እስከ ቦንጋ አናት ያለው መንገድ ቁልቁለቱን ጨምሮ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓይን እማኝ ልኬት ስለሆነ ከዚህም ከዚያም ይሸራረፋል። አሁን የሚቀረን ሰዓቱ ነው። ስንት ሰከንድ?

ቦንጋ ያለ ሰው ግን የት ጠፋ?

የቦንጋው (ረቡዕ፣ ቀን 7፡45)

ኔትወርክ ነው የጠፋው እንጂ እኛ አለን።

እኛ ጋ በአናታችን ነው ያለፈው። ብርሃኑ ግቢውን አጠበው፤ ዶሮዎቹ ከቆጥ ወረዱ። ከምሥራቅ መጥቶ ሊጠፋ ሲል አንገቴን ወደ ኋላ እስክቆለምም ድረስ ቀጥ ብሎ ከላዬ ነበር። ከዚያ ዝም። ሁላችንም ወጥተን እየተነጋገርን ሁለት ደቂቃ ገደማ እንዳለፈ ድው! አለ። ቆይቶ ደግሞ ድው ድው፣ ከዚያ እንደ ነጎድጓድ እየተንከባለለ ሄደ። የጎረቤታችን መስኮት ተንቀጠቀጠ። ፈንጂ ነው ብለው መሬት ላይ የተኙ አሉ።

መምህርት ፊዚክስ (ረቡዕ፣ ቀን 8፡10)

ይኸውላችሁ! ሁለት ደቂቃ። ድምፅ በዚያ ከፍታ ባለው ቀዝቃዛ አየር አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ3 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ሁለት ደቂቃ ማለት ከ35 ኪሎ ሜትር ጋር የሚገጥም ነው። ካርታውን ሳያይ የመጣ ሰው ያንኑ ቁጥር አመጣልን። ለጅማ ሲሰላ ደግሞ ድምፁ ወደ 5 ደቂቃ አካባቢ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ከደረሰ። ከሁለተኛው ሲኒ እስከ ሦስተኛው ስንት ደቂቃ ይሆናል፣ ጅሬን ማዶ?

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሰማይ እንዲህ ሲበራ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ወደ መስኮት መሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድንጋይ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። ሰዉ ብርሃኑን አይቶ መስኮት ላይ ተደርድሮ ሲያይ፣ ከደቂቃ በላይ ቆይቶ የግፊቱ ሞገድ ደረሰ። 1,500 ገደማ ሰው ተጎዳ። አብዛኛውን የጎዳው መስታወት ነው። የኛው ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ በጣም ትንሽ ነው። ልማዱ ግን ይያዝ፦ ብርሃን ካያችሁ ከመስታወት ራቁ፤ ብዙ ደቂቃ ጠብቁ።

ሁሉን ጠርጣሪ (ረቡዕ፣ ቀን 8፡35)

ስሌቱ ደስ ይላል። ግን መሠረቱ ሰከንዱ ነው። ሰው ሲደነግጥ ሦስት ሰከንድ አሥር ይመስለዋል። 15 ሰከንድ ከሆነ 115 ሲካፈል ለ15 ከ8 በታች ነው። ያ ሳተላይት ነው። የሰው ቆጠራ አልቀበልም።

ብረታ ብረት ሱቅ (ረቡዕ፣ ማታ 12፡50)

ሰው ካልታመነ ካሜራ ይታመናል። መርካቶ ያለው ሱቄ ግቢውን የሚቀርጽ ካሜራ አለው፤ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። እሳቱ ራሱ አልተያዘም። የብረቱ ምሰሶ ጥላ ግን ወለሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰሜን ጀምሮ እየዞረ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ጠፋ። ሰከንድ በሰከንድ ቆጠርኩት። ጥላው የታየው 5 ሰከንድ ነው። የካሜራው ሰዓት ከስልኬ ጋር ሲነጻጸር 4 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አስተካክዬ ስመለከት 1፡52 ይሆናል።

መምህርት ፊዚክስ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

ይህ ወርቅ ነው! ቪዲዮውን እንዳያጠፋው ኮፒ አድርጉልኝ። ካሜራው በራሱ ላይ የሚጽፍ ስለሆነ ከቀናት በኋላ ይጠፋል። ጥላው ወደ ምሥራቅ ከዞረ ብርሃኑ ወደ ምዕራብ ሄዷል ማለት ነው፤ ከተባለው ጋር ይገጥማል።

መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ጥላ አይጥልም፤ 6 ሰከንድ ብለን እንውሰድ። 115 ለ6 ሲካፈል በሰከንድ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግማሹን ተሳስተናል ብንል እንኳን ከሳተላይት ይፈጥናል። ምድርን ሲዞር የኖረ ነገር አይደለም። ፀሐይን ሲዞር የኖረ ነው።

19 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ፦ የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ነው። ይህ 25 እጥፍ ይበልጠዋል። ጉልበቱ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ600 እጥፍ ያልፋል፤ ክብደታቸው እኩል ሆኖ። ለዚህ ነው ከተማ ለማብራት ቤት የሚያክል ድንጋይ የማያስፈልገው። ብዙ ሰው በሰበቃ ነው የሚነደው ይላል። ዋናው ግን ከፊቱ ያለው አየር ነው። መሸሻ አጥቶ ሲታመቅ በሺህ ዲግሪ ይግላል፤ ድንጋዩ ከላዩ እየቀለጠ ይራገፋል። አረንጓዴው ቀለም ብዙ ጊዜ ከማግኒዚየም ወይም ከኒኬል ይመጣል። ብርቱካናማው ከሶዲየም።

የመሸበት ሰዓትም ከፍጥነቱ ጋር ይሄዳል። ምድር ፀሐይን ስትዞር የማለዳው ወገን ከፊት ነው፣ የምሽቱ ከኋላ። ምሽት ላይ የሚገባ ድንጋይ ከኋላችን አሳዶ የደረሰብን ነው፤ ስለዚህ ዘገም ይላል። ንጋት ላይ ፊት ለፊት የምንጋጨው ነው የሚበረው።

ሁሉን ጠርጣሪ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡41)

ካሜራውን ተቀብያለሁ። የኅዳር ታውሪድ የሚሉት የተወርዋሪ ኮከቦች መንጋ ይሆን ታዲያ? በትላልቅ እሳት ይታወቃል።

መምህርት ፊዚክስ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡55)

ጥሩ ጥያቄ። ታውሪዶች ኤንኬ ከሚባለው ጅራታም ኮከብ የቀሩ ናቸው፤ በዚህ ወር እውነትም ትልልቅ እሳት ይጥላሉ። የነሱ ፍጥነት ግን በሰከንድ ወደ 28 ይጠጋል። መምጫቸውም በዚያ ሰዓት ከዚህ ይበልጥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። የኛው ቤተሰብ የሌለው ብቸኛ መንገደኛ ይመስለኛል።

ደላላው (ረቡዕ፣ ማታ 2፡30)

ሳይንሱን ለእናንተ ተውኩት። ድንጋዩ ስንት ይሸጣል? አንድ ልጅ "የኮከብ ድንጋይ" ብሎ ጥቁር ነገር ይዞ መጥቷል። ገና ትኩስ ነበር ሲያነሳው አሉ። ዋጋውም እንደዚያው ትኩስ ነው።

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ማታ 2፡48)

ልጄ ደላላው፣ ገንዘብህን ያዝ። ዘመኔን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ነኝ። ጅማ ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ አንዳንዱን ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ጥቁር መሆኑ ምንም አያስረዳም። ቀዳዳ ቀዳዳ ካለበትማ ወይ ከእሳተ ገሞራ ነው ወይ ብረት ከሚቀልጥበት የተጣለ ዝቃጭ ነው።

መምህርት፣ እርስዎ ያርሙኝ እንጂ እኔ እስከማውቀው እውነተኛው ላዩ እንቁላል ልጣጭ የሚያህል ስስ ጥቁር ቅርፊት አለው፤ ሲሰበር ውስጡ የነጣ ነው። ትኩስ የሚባለውም ወሬ ነው።

መምህርት ፊዚክስ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡00)

ጋሼ፣ እርስዎን ማን ያርማል። ልክ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የተረፈው ቁራጭ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ደቂቃዎች ፈጅቶ እንደማንኛውም የተጣለ ድንጋይ ነው የሚወርደው። መሬት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ አያቃጥልም። ውስጡ እንደውም የጠፈር ብርድ እንደያዘ ነው።

የተረፈ ካለም ያለው ጅማ መርካቶ ውስጥ አይደለም። ከቦንጋ ወዲያ፣ ወደ ምዕራብ፣ በከፋ ጫካ ውስጥ ነው። ያንን ጫካ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የወደቀ ዝሆንም አይገኝም።

የቦንጋው (ረቡዕ፣ ማታ 3፡12)

ዝሆኑስ ይሸታል። ድንጋይ አይሸትም።

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ማታ 3፡25)

ተስፋ ለማስቆረጥ አይሁን። በረሃ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008 የሆነውን ላስታውሳችሁ። አራት ሜትር ገደማ የሆነች አስትሮይድ፣ ፀሐይን የምትዞር ድንጋይ ማለት ነው፣ ከአሪዞና በቴሌስኮፕ ታየች። ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰሜን ሱዳን፣ ኑቢያ በረሃ ላይ ፈነዳች። ሰው አስቀድሞ አይቷት ከዚያ ምድርን ስትመታ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በረሃውን ተሰልፈው በእግር አበጠሩት። በጠቅላላው 600 ያህል ቁራጭ ለቅመዋል። ሁሉም ተደምሮ ግን ከ10 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ስንት ኩንታል የገባው ድንጋይ እዚህ ደረሰ። ደላላው ይህን ያስብ።

ሶማሊያ ውስጥ ኤል አሊ የሚባለው ደግሞ 15 ቶን የሚመዝን ብረት ነው። ግመል ጠባቂዎች ትውልድ ለትውልድ ያውቁት ነበር፤ ሳይንሱ ነው ዘግይቶ የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት እንደተገኙበት ተነገረ። በሀገራችንም ሐረርጌ፣ ጉርሱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የወደቀ ከ30 ኪሎ በላይ ድንጋይ በዓለም መዝገብ ገብቷል። ስለዚህ ቦንጋ ያላችሁ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ የተበሳበት ወይም ቡና ማሳ ውስጥ ትላንት ያልነበረ ጥቁር ድንጋይ ያየ ካለ አትጠቡት፣ አትቁረጡት። ፎቶ አንሱት፣ በንጹሕ ነገር ጠቅልሉትና ለዩኒቨርሲቲ አሳዩ።

የሄርማታ እናት (ረቡዕ፣ ማታ 3፡31)

ጋሼ፣ እናቴ ሁሉንም አንብቤላት "ታዲያ ማን ሞተ?" አለችኝ።

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ማታ 3፡36)

አስትሮይዷ ናት በይልኝ፤ ነፍስ ይማር።

ጅሬን ማዶ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10)

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ባለቤቴ ብርሃኑ እያለ፣ እዚያው፣ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ ይላል። ድምፅ 5 ደቂቃ ይዘገያል ካልሽ ይህ ከየት መጣ?

መምህርት ፊዚክስ (ሐሙስ፣ ቀን 6፡30)

አሹፈውበት እንዳይሆን ብቻ። ይህን የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ያቀረቡት አንድ ማብራሪያ፣ በፍጥነት የሚርገበገበው ኃይለኛ ብርሃን እንደ ቅጠልና ፀጉር ያሉ ስስ ነገሮችን እያሞቀ አጠገባቸው ያለውን አየር ሊያርገበግብ ይችላል የሚል ነው። ድምፁ የሚወለደው ከጆሮህ አጠገብ ነው ማለት ነው። ገና ክርክር አለበት። ከዛፍ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ አጠገብ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።

በተረፈ የሁላችሁንም ልኬት ለዓለም አቀፉ የሜቴዎር (የተወርዋሪ ኮከብ) ድርጅት እየላክሁ ነው። ድረ ገጹ ላይ የእሳት ኳስ ያየ ሰው የሚሞላው ቅጽ አለው። ከተለያየ ቦታ ብዙ ሰው ከሞላ መንገዱን አስልተው ካርታ ላይ ያወጡታል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቢሞላ ይሻላል፤ ቅጹ ያስቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብረን እንሞላለን። የሚዛኑ እና የቦንጋው የግድ ይሙሉ። እናንተ ከሌላችሁ የኛ መስመር የሚቋረጥበት የለውም።

የቂጦው ባጃጅ (ሐሙስ፣ ቀን 7፡05)

ሞላሁ። ሥራ የሚለው ቦታ "የሰማይ ታዛቢ" ብዬ ነበር፣ አጠፋሁት። መምህርት፣ ቀጣዩ መቼ ነው ታዲያ? አሁንማ ቀና ብዬ ነው የምነዳው፤ ለተሳፋሪ አደጋ ሆኛለሁ።

መምህርት ፊዚክስ (ሐሙስ፣ ቀን 7፡20)

እንዲህ ያለውን ቀጠሮ የሚሰጥህ የለም። ተወርዋሪ ኮከብ በብዛት ለማየት ከሆነ ግን ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ጀሚኒድ አለ። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ነው። ጨረቃ ከሌለችና ሰማዩ ከጨለመ በሰዓት 100 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ ነው። ከከተማ መብራት ራቅ በል፤ ስልክህን ኪስህ ክተት፤ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ስጠው። ደግሞ ባጃጇን አቁመህ!

እሸት ቡና (ሐሙስ፣ ቀን 7፡34)

ያኔም እኛ ማጠቢያው ላይ ነን፤ ቡናው አያስተኛንም። የአጋሮን ቆጠራ ለኛ ተዉት። ጆንያ ቆጣሪው ልጅ አንድም አያመልጠውም፣ ካልሮጠ።